ግማሽ ሰው አንቀጥርም

ሰሞኑን ከሰፈራችን ታክሲ መያዣ አጠገብ ካለው የስልክ እንጨት ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። «የፓርት ታይም ሥራ ለምትፈልጉ! ከሥራዎ ወይም ከትምህርትዎ ሳይስተጓጎሉ በቀን 2 ሰዓት ብቻ በመሥራት ዳጎስ ያለ ገቢ ያግኙ!» ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ እየተደጋገመ ተጽፎ በመቀስ ተሸንሽኗል፤ ከግማሽ በላዩ ተገንጥሎ ተወስዷል። ሥራው ምን እንደሆነ ግን አንድም ቃል የለበትም። (አልዋሽም፣ እኔም ገንጥዬ ደውያለሁ። አዳራሽ ገብቼ እንድሰበሰብ፣ ከዚያም አንድ ካርቶን ሻይ ገዝቼ ሦስት ወዳጆቼን እንዳመጣ ነው የተነገረኝ። ሻዩ ለምን በሽታ እንደሚሆን ስጠይቅ «ለሁሉም» አለችኝ ልጅቷ። ለሁሉም የሚሆን ነገር እኔን ስለሚያስፈራኝ ስልኩን ዘጋሁት።)

ወረቀቱን ትቼ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ትርፍ ናት!» አለ። ጠጋ ጠጋ አልን። ያችን «ትርፍ» የምትባል ቃል እስከ ሜክሲኮ ድረስ ሳመነዥካት ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጁ «ፓርት ታይም» ሲል ከቀኑ ላይ የተከፈለ ጊዜ ማለቱ ነው። የቀኑን ግማሽ ወይም ሩቡን ትሠራለህ፣ በሠራኸው ልክ ይከፈልሃል፣ የቀረው የራስህ ነው። ተማር፣ ልጅ አሳድግ፣ ወገብህን አሳርፍ፤ የሚጠይቅህ የለም። እኛ ግን ቃሉን ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የትርፍ ጊዜ ሥራ» አልነው። ክፋዩ ትርፍ ሆነ። «የትርፍ ሰዓት ሥራ» ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ሌላ ነገር ነው፤ መደበኛው ሰዓት ካለቀ በኋላ እዚያው መሥሪያ ቤት ተጨምሮ የሚሠራና በጭማሪ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ሁለቱን አደባልቀን ይዘን ስንኖር ማንም ግር አላለውም። ለምን ግር ይበለው? እኛ አገር «ፓርት ታይም እሠራለሁ» የሚል ሰው ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው አይደለም፤ ሙሉ ቀን ሠርቶ ሌላ የሚጨምር ሰው ነው። ወንበሩ ሞልቶ ሳለ «አንድ ትርፍ ናት» የሚል ሰው ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ንጹሕ አድርጌ አላቀርብም። በ1990ዎቹ መሀል፣ የግል ኮሌጆች የማታና የቅዳሜ ትምህርት ከፍተው አስተማሪ በባትሪ በሚፈልጉበት ጊዜ፣ እኔም ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት እየሠራሁ ማታ አንዱ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ አያያዝ አስተምር ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በ11፡30 ከቢሮ ተወጥቶ በ12 ሰዓት ክፍል መገኘት ነበረበት። በወረቀት ላይ ሰላሳ ደቂቃ ይበቃል። በታክሲ ሰልፍ ላይ ግን አይበቃም። እናም እንደ ባልደረቦቼ ሁሉ ኮቴን ወንበር ላይ አንጠልጥዬ፣ መነጽሬን ፋይል ላይ አስቀምጬ በ10፡30 መውጣት ተማርኩ። (ለዚህ ሥራ ሁለተኛ መነጽር መግዛት ያስፈልጋል፤ እሱ የመቋቋሚያ ካፒታል ነው።) «እዚሁ ናቸው፣ ወጣ ብለው ነው» ትላለች ጸሐፊያችን። አልዋሸችም፤ ወጣ ብዬ ነው።

አንድ ጊዜ ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጡ አንድ አዛውንት ባለጉዳይ ሦስት ቀን ተመላልሰው ኮቴን አግኝተው እኔን ሳያገኙኝ ቀሩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት በር ላይ ጠበቁኝ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ አለህ እንዴ?» ብቻ ነው ያሉኝ። ጉዳያቸው አንድ ፊርማ ነበር። የአልጋና የምግብ ሒሳባቸውን በልቤ ደመርኩት፤ ኮሌጁ በሦስቱ ማታ ከከፈለኝ ብዙም አያንስም ነበር። የእኔን ፓርት ታይም የከፈሉልኝ እሳቸው ናቸው ማለት ነው። እኔ ግን የዚያን ዕለትም በ10፡30 ወጥቻለሁ።

ማታስ? ማታ ክፍሉ ውስጥ የሚጠብቁኝ ተማሪዎች እንደኔው የደከሙ ናቸው። የባንክ ገንዘብ ተቀባይ፣ የቀበሌ ጸሐፊ፣ ዘበኛ፣ ነርስ። ፊት ለፊት የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር፤ ገና የቀኑን ርዕስ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓይኑ ይከደናል። እውነቱን ልናገርና ቅር አይለኝም ነበር፤ እሱ ሲተኛ እኔም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ኖቱ ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። አንድ ቀን ታዲያ ይኸው የሚተኛው ልጅ ነቅቶ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ይሄን ምሳሌ አምና ለወንድሜም ሰጥተውታል። መልሱ ስህተት ነው፤ ወንድሜ ደብተሩ ላይ አርሞታል» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ታክሲ ውስጥ ስገባ ግን ሳቁ አልተከተለኝም። ምሳሌውን ያዘጋጀሁት ከአራት ዓመት በፊት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን መልሼ ሠርቼው አላውቅም። መቼ ልሥራው?

ጥቅሙን መካድም ነውር ነው። በዚያ ገንዘብ የቤት ኪራይ ተከፍሏል፣ የልጆች ጫማ ተገዝቷል፣ እናቴ ታክማለች። ቀን ቢሮ ውስጥ ያየሁትን የሒሳብ ቁማር ማታ ለተማሪዎቼ ሳወራላቸው ከመጽሐፉ በላይ የሚጠቅማቸው ጊዜም ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ የግል ኮሌጆች የቆሙት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶች በተዋሱት ሰው ነው፤ የራሳችሁን አስተማሪ ካልቀጠራችሁ አትከፈቱም ቢባሉ ኖሮ ስንቱ ዛሬ ዲግሪ ይዞ የሚሠራ ሰው ቤቱ ቀርቶ ነበር። እና ነገሩ ኃጢአት ብቻ አይደለም። ችግሩ አንድ ሰው ሁለት ቦታ መሥራቱ ሳይሆን፣ ሁለቱም ቦታ ሙሉ ሰው እንዳለ አስመስለን መፈራረማችን ነው።

በሐኪሞቻችንም ላይ ያየነው ይኼንኑ ነው። ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል ሰልፍ ያየኸውን ስፔሻሊስት ማታ በክሊኒኩ በካርድ ትደርስበታለህ፤ አንዳንዴም ራሱ «እዚህ ወረፋው ሦስት ወር ነው፣ እዚያ ብትመጣ ግን...» ይልሃል። መንግሥት ይህን አይቶ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በሆስፒታሎቹ ግቢ ውስጥ «የግል ክፍል» የሚባል አሠራር አመጣ። ሐኪሙ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ እዚያው ሠርቶ ድርሻውን ይውሰድ፣ ከሆስፒታሉ አይራቅ ነው ሐሳቡ። እኔ በበኩሌ ከድብብቆሽ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ሰዓቱ ተጽፏል። ቢሆንም በአንድ ግቢ ውስጥ በ8 ሰዓት ድሃ፣ በ12 ሰዓት ደንበኛ የሚሆን በሽተኛ ማየት ለዓይን ይከብዳል። ሐኪሙን ብቻ እንዳንወቅስ ደግሞ የደመወዙን ነገር እናውቃለን። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ገባ። ደመወዝ በደረጃ ነው የሚወጣው፤ ዘይትና ሽንኩርት ግን ሊፍት ተሳፍረዋል። «ፓርት ታይምህን ተው» የሚል አለቃ መጀመሪያ የራሱን ይንገረን።

ይኼን ሁሉ ያስነሳኝ ግን የእህቴ ልጅ ጉዳይ ነው።

ልጅቷ አካውንታንት ናት። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ ስሙ ይቅር። የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል፤ ወሰደች። (ለአባትየው ደግሞ 3 ቀን ይሰጠዋል። ሦስት ቀን ገንፎ ተበልቶ አያልቅበትም፤ ግን ከዚያ በፊት ምንም አልነበረምና ይመስገን።) ዘጠናው ቀን አለቀ። እህቴ ጉልበቷን ታማለች፣ ሕፃን ተሸክማ መዋል አትችልም። የቤት ሠራተኛ መጣች፣ ሄደች፤ ሌላ መጣች፣ ሄደች። በሰፈሩ ያለው የሕፃናት ማቆያ ከደመወዟ ግማሹን ይጠይቃል። ልጅቷ ተቀምጣ አሰላች፤ ማስላት እንደሆነ ሥራዋ ነው። ከዚያም ለሥራ አስኪያጁ ማመልከቻ ጻፈች፤ «ለአንድ ዓመት ያህል እስከ ቀኑ 6፡30 ብቻ ልሥራ፣ ደመወዜም ግማሽ ይሁን፣ ወር መዝጊያ ላይ ሙሉ ቀን እገባለሁ»።

ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን አነበበና «እኛ ግማሽ ሰው አንቀጥርም» አላት።

ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ የሕግ ሰው ለመምሰል አዋጁን አወጣሁ። አንቀጽ 61 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንደማይበልጥ ይናገራል። ልብ በሉልኝ፣ «አይበልጥም» ነው። ጣሪያ ነው ያስቀመጠው። ከጣሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ መግባት ክልክል ነው የሚል የለበትም። አሠሪዎቻችን ግን ያንኑ አንቀጽ «አያንስም» ብለው ነው የሚያነቡት፤ ጣሪያውን ወለል አደረጉት። አሠሪው የግድ ይፍቀድ የሚል ቃል እኔም አላገኘሁበትም፤ ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ሕግ አልጣሰም። የጣሰው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ያወቅነው ቆይቶ ነው።

ይኸው ድርጅት ለካ አንድ «ፓርት ታይም» የፋይናንስ ኃላፊ አለው። ሰውየው ሌላ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሙሉ ጊዜ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ከዚህኛው ሌላ ሁለት ድርጅት ደግሞ ይይዛል። በወር ሁለት ቅዳሜ ይመጣል፣ ማኪያቶ ይታዘዝለታል፣ የእህቴ ልጅ ያዘጋጀችውን የቫት ሪፖርት አገላብጦ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ክፍያው ከልጅቷ የወር ደመወዝ ይበልጣል። በዚህ ማንም «ሩብ ሰው ቀጠርን» ብሎ አያውቅም! እንዲያውም ሥራ አስኪያጁ «እሱን የመሰለ ሰው ጊዜ አጣቦ ለኛ መስጠቱ» እያለ ያመሰግነዋል።

እንግዲህ ልዩነቱን ፈልጉልኝ። ሁለቱም ጊዜያቸውን ከፍለው ሊሰጡ የተዘጋጁ ሰዎች ናቸው። እሱ ሌላውን ክፋይ የሰጠው ለሌላ ቢሮ ነው፤ እሷ ልትሰጥ የጠየቀችው ለሦስት ወር ሕፃን ነው። የሱ ትርፍ መጫን «ልምድ» ተባለ፣ የእሷ መቀነስ «ግማሽ ሰውነት» ተባለ። ልጅቷ ለቀቀች። ከሰባት ዓመት የሥራ ዘመን በኋላ፣ ያንን ሁሉ የድርጅቱን ሒሳብ በጭንቅላቷ እንደያዘች። በቦታዋ የወጣው የሥራ ማስታወቂያ «በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት የሚችል/የምትችል» ይላል። አራት ወር ሙሉ ሌሊት እየተነሳች የምታጠባ ሴት በጫና ውስጥ መሥራት አትችልም ያለ ማን ነው?

በአንድ እሑድ ቡና ላይ ይኼ ጉዳይ ሲነሳ የልጅቷ አጎት፣ ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣው፣ ሳቀብን። «ውጭ አገርማ ግማሽ ቀን መሥራት መብት ነው አሉ» ብላ እህቴ ስትጀምር ነው የሳቀው። «እኔ ፓርት ታይም ነኝ» አለ። «እንዲያውም ሁለት ፓርት ታይም ነኝ። ጠዋት ፓርኪንግ፣ ማታ ሆቴል። ሁለቱም ቦታ ሳምንቱ ውስጥ 30 ሰዓት እንዳልሞላ ተጠንቅቀው ነው የሚመድቡኝ።» ለምን ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና መድን ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በሳምንት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው የጤና መድን እንዲያቀርብ፣ ካላቀረበ እንዲቀጣ ያደርጋል። እናም 29 ሰዓት የሚሉት ቁጥር ተወዳጅ ሆነ። «በሳምንት 58 ሰዓት እሠራለሁ፤ በሁለቱም ቦታ ግን ግማሽ ሰው ነኝ» አለና ፈንዲሻውን ዘገነ። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

እህቴም ግን አልተሳሳተችም። ያነሳችው ሌላውን ውጭ አገር ነው። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሠራተኛ ሰዓቱ እንዲቀነስለት ወይም እንዲጨመርለት የመጠየቅ መብት በሕግ አለው፤ አሠሪው እምቢ ለማለት ምክንያት ማቅረብ አለበት። ሥራ ካላቸው ሴቶቻቸው ከግማሽ የሚበልጡት በክፋይ ጊዜ ነው የሚሠሩት፤ ሐኪም፣ ዳኛ፣ መምህር ሳይቀር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው 175ኛ ስምምነት በክፋይ ሰዓት የሚሠራ ሰው በመደራጀት፣ በሥራ ደኅንነትና በመሳሰሉት ሙሉ ሰዓት ከሚሠራው እኩል እንዲጠበቅ ይላል። ይሁንና እዚያም ወጪ አለው። ጡረታው የሚሰላው በሠራህበት ነው፤ ዕድገትም ሲታደል ዓይን የሚያርፈው ሙሉ ቀን ወንበሩ ላይ በሚታየው ሰው ላይ ነው፤ ግማሽ ቀን የምትሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሚስትየዋ ናት። የሆላንድ ሴቶችም በእርጅናቸው ይህን ሒሳብ ያገኙታል። ቢሆንም አውቀው፣ ፈርመው፣ ተሰልቶላቸው ነው። የእህቴ ልጅ ምርጫ ግን ሙሉ ወይም ባዶ ነበር።

እኛም አገር ግን እውነተኛው ፓርት ታይም፣ ያው ክፋዩ ማለቴ ነው፣ የለም ብዬ ከተናገርኩ ቤቴ ውስጥ የሚታዘበኝ ሰው አለ። ማክሰኞና ዓርብ የሚመጡ እንጀራ ጋጋሪ አሉን። ሰኞና ሐሙስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ይጋግራሉ፣ ረቡዕ ሌላ ቤት ልብስ ያጥባሉ። አዲስ አበባ የተሞላችው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው፤ ተመላላሽ፣ ልብስ አጣቢ፣ የልጅ አስጠኚ፣ የቅዳሜ ተለዋጭ ዘበኛ። ስማቸውን «ፓርት ታይም» ብለን ስለማንጠራው ነው የማናያቸው። ጥቅሙ አላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ያመጣሉ፣ የሰው ቤት አያድሩም፣ ያልተመቻቸውን ቤት ትተው ሌላ ይይዛሉ። ጉዳቱ ግን ሁሉም የነሱ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ቢሆኑ ከደመወዛቸው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ይቀመጥላቸው ነበር። የቤት ሥራ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ነው ተብሎ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጭ ተደርጓል፤ በደንብ ይወሰናል ነው የሚለው። ከዚያ ውጭ ያለው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱም ስለ ቤት አገልጋይ ያሉት ጥቂት አንቀጾች በአሠሪው ቤት የሚኖረውን ያሰቡ ናቸው። በሳምንት ሁለት ጠዋት መጥቶ የሚሄደውን ማንም ያሰበው አይመስለኝም። እኔም አላሰብኩትም።

ባለፈው ክረምት ሴትየዋ ለሁለት ሳምንት ቀሩ። ታይፎይድ ነበር። ባለቤቴ ሱቅ እንጀራ እየገዛች፣ እኔም በእንጀራው ቅጥነት እየተነጫነጭኩ ከረምን። ሲመለሱ ከስተዋል። የዚያን ወር የከፈልናቸው የሠሩበትን ቀን ቆጥረን ነው። እሳቸውም ቆጥረው ተቀበሉ። ማንም ምንም አላለም፤ ሁለታችንም ወገን ትክክል የሆነ ነገር እንደሠራ ሰው ተለያየን።

ስለ እህቴ ልጅ አለቃ ይህን ጽሑፍ ስጀምር ነው የዚያ ሁለት ሳምንት ነገር ትዝ ያለኝ። እኔስ ማንን ነው የቀጠርኩት? ሁለት ቀን ብቻ የምትታመም ሴት? ማክሰኞና ዓርብ ብቻ የሚርበው ልጅ ያላት? ባለፈው ማክሰኞ ምጣዱን እያሰሱ ሳለ ወጥ ቤት ገባሁና አንዲት ነገር ልንገርዎት አልኩ። የታመሙበትን አራት ቀን ዛሬ እንከፍልዎታለን፣ ከእንግዲህም ቢታመሙ አይቆረጥብዎትም፣ በዓመትም ይህን ያህል ቀን ዕረፍት ይኑርዎት፣ ወረቀት ላይ እንጻፈው አልኳቸው። እንዲህ ስል በራሴ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

ሴትየዋ ማሰሻውን አስቀመጡና ዓይን ዓይኔን አዩኝ። መጀመሪያ ሊያሰናብተኝ ነው ብለው ነበር መሰለኝ። ከዚያ ሲገባቸው «እግዜር ይስጥዎት ጋሼ፣ ከሰጡኝ እቀበላለሁ» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ወረቀቱ ግን ይቅርብኝ፤ እንዲያው ከቻሉ ሐሙስንም ይጨምሩልኝ። የሐሙሶቹ ሰዎች አገር ሊለቁ ነው» አሉኝ።

ባለቤቴን ጠየቅኋት። እኛ ቤት ሦስት ሰው ነው የቀረነው፤ የማክሰኞው እንጀራ እስከ ዓርብ ይበቃል። ሐሙስ ቀን የሚጋገር እንጀራ የለንም። ወጥ ቤት ተመልሼ ይህንኑ ነገርኳቸው። «ምንም አይደል» አሉና ሊጡን አማሰሉ። ጎረቤት እጠይቅልዎታለሁ አልኩ፤ እስከዛሬ ሁለት ቤት ጠይቄያለሁ።